እምቦጭን የሚበላው ጢንዚዛ፣ ቅጠሉን የሚተካው ውሃ

ውሃ ላይ የበቀለ ተክል ቅጠሉን ነፍሳት ሲበሉት ምን ይደርስበታል? ጥያቄው ለረጅም ጊዜ የጥቂት ተመራማሪዎች ብቻ ሆኖ ኖሯል። እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም የጣና ሐይቅን ከያዘ ወዲህ ግን የብዙ ኢትዮጵያዊ ጥያቄ ሆነ። አንዱ «ጢንዚዛ አምጥተን ለምን አናስበላውም?» ይላል፤ ሌላው «እምቦጩን ሲጨርስ ወደ ጤፋችን ቢዞርስ?» ብሎ ይሰጋል። ሁለቱም መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሁለቱም የሚዘሉት መሐል ላይ ያለ ጉዳይ አለ። የተክሉ ጉዳት የሚለካው ጢንዚዛው በበላው ልክ ብቻ አይደለም፤ ተክሉ የተበላበትን ቅጠል መልሶ በሚያወጣበት ፍጥነትም ጭምር ነው። ያንን ፍጥነት የሚወስነው ደግሞ የሚኖርበት ውሃ ነው፤ ሙቀቱ፣ ጥልቀቱ፣ ከሁሉም በላይ ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ የሚገባበት ማዳበሪያና ቆሻሻ። ስለ ጉዳዩ እስከ ዛሬ የተባለውን ስመለከት ከአፍሪካ ሐይቆች የተገኘው ትምህርት ሁሉ ወደዚህ ነጥብ ያመራል። ይህንን የምጽፈው ከነቀምቴ፣ ከጨለለቂ ስለሆነ ነገሩ የጣና ብቻ ሆኖ አይታየኝም። ዴዴሳ፣ አንገር፣ ዳቡስና ፊንጫ ሁሉም ከወለጋ ምድር ውሃ ይዘው ዓባይ ይገባሉ።

በመጀመሪያ ስለ ቆየው እምነት። ቪክቶር ሼልፎርድ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ምህዳር ሊቅ በ1918 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ በሐይቅ ውስጥ የሚበቅሉት ትልልቅ ተክሎች ተነቅለው በምትካቸው ቅርጻቸውን የያዘ መስተዋት ቢቆም፣ በውሃው ውስጥ ባሉት ፍጥረታት የምግብ ትስስር ላይ ብዙም ለውጥ እንደማይመጣ ተከራክሮ ነበር። ተክሎቹ የመጠለያና የመደገፊያ ጥቅም እንጂ በሕይወት እያሉ የሚበላቸው የለም፤ የሚበሉት ሞተው ሲበሰብሱ ነው ማለቱ ነው። ይህ አስተያየት ለአሥርት ዓመታት በመማሪያ መጻሕፍት ሳይነካ ቆየ። ምክንያቱም ለዓይን እውነት ይመስላል። ኩሬ ዳር ቆሞ የውሃ አበባ ቅጠል የሚያይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ደህና ቅጠል ነው። የተበላው የታለ?

መልሱ በ1985 እ.ኤ.አ. ጆርጂያ ውስጥ ኦጊቺ በተባለ ወንዝ ላይ ከተደረገ ጥናት መጣ። ዋላስና ኦሆፕ የተባሉ ተመራማሪዎች እያንዳንዱን ተንሳፋፊ ቅጠል ከወጣበት ቀን እስከሚጠፋበት ቀን ተከታተሉ። ጢንዚዛ ባለበት ቦታ ቅጠሉ የቆየው 17 ቀን ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ጢንዚዛ በሌለበት ከ45 ቀን በላይ ቆየ። የተበላው ቅጠል ዓይን ውስጥ የማይገባው ፈጥኖ ስለሚሰምጥና አዲስ ስለሚተካው ነበር። በቅጠል ላይ ያለውን ቀዳዳ ብቻ የቆጠረ ተመራማሪ ለሞቱት ቅጠሎች ቦታ አልሰጠም። ይህ ጥናት በመስኩ ከተሠሩት ሁሉ ለእኔ ትልቁን ነገር ያስተማረ ነው፤ ከብልሃቱ ይልቅ ትዕግሥቱ ይገርመኛል። ከዚያ በኋላ በ1993 እ.ኤ.አ. ሲርና ፔስ በኔቸር መጽሔት ከልዩ ልዩ አካባቢዎች የተሰበሰቡ ልኬቶችን አወዳደሩ። በላተኞች በመሬት ላይ ካለው የተክል ምርት በመካከለኛ ግምት 18 በመቶ ሲወስዱ፣ ከትልልቅ የውሃ ተክሎች ምርት ግን 30 በመቶ ያህል ይወስዳሉ። በዚህ ቁጥር ውስጥ ዓሣም፣ ወፍም፣ ቀንድ አውጣም አለበት፤ የነፍሳቱ ድርሻ ብቻ አይደለም። ቢሆንም የመስተዋቱን ክርክር ለመጣል በቂ ነበር።

የውሃ ተክል ቅጠል ከመሬቱ ቅጠል በምን ይለያል? ተንሳፋፊ ቅጠል የሚተነፍሰው በላይኛው ገጹ ነው፤ የታችኛው ገጽ ውሃ ላይ ተጋድሟል። ሥጋው ውስጥ አየር የያዙ ክፍት ቦታዎች አሉ፤ የሚያንሳፍፈውም ለሥሩ አየር የሚያወርደውም ይኸው ነው። ስለዚህ ትንሽ ጭረት እንኳ መዘዙ ሰፊ ነው። በማሽላ ቅጠል ላይ ያለ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። በተንሳፋፊ ቅጠል ላይ የተከፈተ ቁስል ግን ውሃ ያስገባል፤ ከውሃው ጋር ሻጋታና ባክቴሪያ ይገባሉ፤ አየር የነበረበት በውሃ ይሞላና ቅጠሉ ይከብዳል። ነፍሳቱ የበሉት ጥቂት ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ነፍሳቱም ከዚህ ኑሮ ጋር ተስማምተዋል። ዶናሺያ በሚባለው ወገን ያሉ ጢንዚዛዎች ትሎቻቸው ከውሃ ሥር በተክሉ ሥር ላይ ተጣብቀው ያድጋሉ፤ በጅራታቸው ጫፍ ባለው እሾህ የተክሉን የአየር ቧንቧ ወግተው ከእሱ ይተነፍሳሉ። ከእሳት እራት ወገን የሆኑ አባጨጓሬዎች ደግሞ ቅጠል በክብ ቆርጠው፣ ሁለቱን ቁራጭ በሐር ሰፍተው፣ በውስጡ ሆነው እየተንሳፈፉ ይበላሉ። የሩዝ ገበሬዎች ይህንን ወገን ከማሳቸው ያውቁታል።

አሁን ወደ እምቦጭ እንምጣ፤ በእኛ አገር የጉዳዩ ልብ ያለው እዚያ ነው።

የእምቦጭ አገር ደቡብ አሜሪካ ነው። እዚያ እሱን ብቻ ለመብላት የተሠሩ የሚመስሉ ሁለት ትናንሽ ጢንዚዛዎች አሉ፤ ኒዮኬቲና አይክሆርኒየ እና ኒዮኬቲና ብሩኪ። ቁመታቸው ከአራት እስከ አምስት ሚሊ ሜትር ነው፤ በጎተራችን ካለው ነቀዝ ጋር ይዛመዳሉ፤ ረዘም ያለ አፍንጫ መሳይ አፋቸውም ያስታውቃል። ሥራቸው በሌሊት ነው። ቀን ቀን በተጠቀለለው ቡቃያ ውስጥ ወይም በቅጠሎቹ መጋጠሚያ ተደብቀው ይውላሉ፤ ሲመሽ ወጥተው የቅጠሉን ላይኛ ቆዳ ይፍቃሉ። ቅጠሉን እስከ ታች አይበሱትም። የሚቀረው ምልክት ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነ፣ አራት ማዕዘን የመሰለ ፈዛዛ ጠባሳ ነው፤ ጤናማው ቅጠል ሲያብለጨልጭ ጠባሳው ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። አንድ ጠባሳ ምንም አይደለም። በመቶ የሚቆጠሩ ሲሆኑ ቅጠሉ ውሃውን መያዝ አቅቶት ከጫፉ ይጠወልጋል።

ከባዱ ጉዳት ግን ከውጭ አይታይም። እናቲቱ የቅጠሉን ዘንግ ቦርቡራ እንቁላሏን በሥጋው ውስጥ ታስቀምጣለች። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ትሉ ይፈለፈልና ዘንጉን እየቦረቦረ ወደ ታች፣ አዲስ ቅጠል ወደሚወጣበት እንብርት ይወርዳል። እምቦጭ የሚንሳፈፈው በዚያ ባበጠው ዘንጉ ነው። ትሉ ሲቦረቡረው ቀዳዳው ውሃ ይሞላል፤ ዘንጉ ይጠቁራል፤ ተክሉ ዝቅ ይላል። በመጨረሻ ትሉ ወደ ሥሩ ወርዶ የሥሩን ጸጉር ጠቅልሎ ትንሽ ድብልብል ቤት ይሠራል፤ ወደ ሙሉ ጢንዚዛ የሚለወጠው በዚያ ውስጥ፣ ከውሃ ሥር ነው። ከእንቁላል እስከ ጢንዚዛ ሦስት ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ ብሩኪ የሚባለው ትንሽ ይፈጥናል።

ሦስት ወር! እምቦጭ በበኩሉ ምቹ ውሃ ካገኘ በሁለት ሳምንት ውስጥ በእጥፍ ሊበዛ ይችላል፤ በየአምስት ስድስት ቀኑ አዲስ ቅጠል ያወጣል። ጢንዚዛ ለቅቆ በዓመቱ ውጤት የጠበቀ ሁሉ ያዘነው ይህንን ሳያሰላ ነው። የጢንዚዛው ጉልበት ቀስ በቀስ በትውልድ ብዛት የሚጠራቀም ነው፤ በአንድ ተክል ላይ አንድ ሁለት ሲሆኑ ተክሉ ቅጠሉን ተክቶ ይሄዳል፤ አምስትና ከዚያ በላይ ሲደርሱ ግን መበላቱ ከመተካቱ ይቀድማል፤ ቁመቱ ያጥራል፤ አበባውም ልጁም ይቀንሳል።

ይህ በአፍሪካ ውስጥ የት ሠራ፣ የትስ አልሠራም? ከጎረቤታችን ከሱዳን እንጀምር። እምቦጭ በነጭ ዓባይ ላይ በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ከታየ በኋላ መንግሥት ለዓመታት በመድኃኒት ርጭት ሲታገለው ቆይቶ፣ በ1978 እና በ1979 እ.ኤ.አ. ሁለቱ ጢንዚዛዎች ተለቀቁ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በጀበል አውሊያ ግድብ ኋላ ይከማች የነበረው የእምቦጭ ምንጣፍ እጅግ ቀነሰ። ወንዙ ሞቃት ነው፤ ይፈስሳል፤ የተዳከመውን ተክል ይዞ ይሄዳል። በቤኒን ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተለቀቁት ላይ የተሠራው የኢኮኖሚ ጥናት፣ ለሥራው የወጣው እያንዳንዱ ብር 124 እጥፍ ሆኖ እንደተመለሰ አስልቷል። የተመለሰውም ለዓሣ አስጋሪውና ለአትክልት ነጋዴዋ ነው።

የቪክቶሪያ ሐይቅ ታሪክ ግን ሰፊ ክርክር አለበት፤ እዚህ ላይ ዘግየት ማለት ያስፈልጋል። ኡጋንዳ ጢንዚዛዎቹን በሐይቁ ላይ በ1995 መጨረሻ፣ ኬንያ በ1997 መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ለቀቁ። በ1998 እ.ኤ.አ. እምቦጩ በአብዛኛው ጠፋ፤ በከፍታው ጊዜ በአሥር ሺዎች ሄክታር የሚቆጠር ነበር። «ጢንዚዛው ሠራ» ተባለ። ሌሎች ግን የ1997 እና የ1998 እ.ኤ.አ. የኤልኒኖ ዝናብ፣ ደመናውና ማዕበሉ ነው ያጠፋው ብለው ተከራከሩ፤ ክርክሩ በሳይንስ መጽሔቶች ለዓመታት ቀጠለ። ሁለቱን ወገኖች ካነበብኩ በኋላ የሚያሳምነኝ እንዲህ ያለው ነው፦ ማዕበል ከዚያ በፊትም በሐይቁ ላይ ነበር፤ ጤናማ እምቦጭን ከዳር ወደ ዳር ይገፋዋል እንጂ አያሰምጠውም። ዘንጉ ተቦርቡሮ ውሃ የሞላው፣ ሥሩ የሳሳ ተክል ሲሆን ግን ማዕበሉ ያሰምጠዋል። ጢንዚዛው ባይቀድም ማዕበሉ ብቻውን ያን ያህል ባልሠራ ነበር። ነገሩ በዚያ አለማለቁ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በ2006 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከባድ ዝናብ ከኬንያ ደጋ አፈርና ማዳበሪያ አጥቦ ወደ ዊናም ባሕረ ሰላጤ ካስገባ በኋላ እምቦጩ ተመልሶ ተስፋፋ። ጢንዚዛው እዚያው ነበር። የተለወጠው ውሃው ነው።

ደቡብ አፍሪካ ደግሞ የብርድን ጉዳይ አሳየች። አይክሆርኒየ እዚያ የተለቀቀው በ1974 እ.ኤ.አ. ቢሆንም በደጋው ውጤቱ ለአሥርት ዓመታት አርኪ አልነበረም። ክረምት ላይ ውርጩ ቅጠሉን ያቃጥላል፤ ጢንዚዛው ይቀንሳል፤ ጸደይ ሲመጣ ተክሉ ከእንብርቱ ቀድሞ ያቆጠቁጣል፤ ጢንዚዛው እስኪበዛ ተክሉ ሐይቁን ሸፍኗል። በዚህ ላይ ሐርትቢስፑርትን የመሰሉ ግድቦች የከተማ ፍሳሽ የሚገባባቸው ናቸው። የተሻለ ነገር የታየው ሜጋሜለስ ስኩተላሪስ የተባለ ጭማቂ መጣጭ ነፍሳት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተለቅቆ፣ በየዓመቱ በብዛት እየተራባ በጸደይ መጀመሪያ ሲጨመር ነው። ለቅቆ መሄድ አልበቃም፤ መመላለስ አስፈለገ።

ወደ አገራችን ስንመጣ እምቦጭ የጣና ነገር ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጣና ላይ በይፋ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ሲሆን በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ላይ ግን ከዚያ አሥርት ዓመታት ቀድሞ ነበር፤ በጋምቤላ ወንዞችም እንዲሁ። ጉዳዩን በጢንዚዛ በኩል ቀድመው ካጠኑት መካከል የወንጂ ሰዎች አሉ። የስኳር እርሻው የመስኖ ቦይና ኩሬዎች በእምቦጭ ሲደፈኑ፣ ፍሬሁን ይርፉና ባልደረቦቻቸው ሁለቱ ጢንዚዛዎች በስምጥ ሸለቆ አየር ጠባይ ይራቡ እንደሆነ መረመሩ፤ ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ታተመ። ሁለቱም ይራባሉ፤ ሁለቱም የተክሉን እድገት ይቀንሳሉ። በእምቦጩ ላይ ያሉትን የአገር ውስጥ ፈንገሶችም ዘርዝረዋል። ፈንገሱ በጠባሳው በኩል ስለሚገባ ሁለቱ ጥናቶች አንድ ጉዳይ ናቸው፤ በአገራችን ግን ይህ ሥራ የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም።

ጣና ላይ ዋናው ትግል በእጅና በማሽን ሆኖ ቆይቷል። ገበሬው በደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ነቀለ፤ በውጭ የሚኖሩ ወገኖች ገንዘብ አዋጥተው ማሽን ላኩ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንድ ወር ዘመቻ ተደረገ። ይህንን ድካም የሚያቃልል ሰው ነገሩን አያውቀውም። ሆኖም በእጅ መንቀልና በጢንዚዛ መታገል ሳይቀናጁ ሲቀሩ አንዱ ሌላውን ያፈርሳል፤ ምንጣፉ ተጠራርጎ ሲወጣ በዘንጉና በሥሩ ውስጥ ያሉት ትሎች አብረው ወጥተው ፀሐይ ላይ ይሞታሉ፤ የቀረው ፍሬ ግን በጭቃው ውስጥ ለዓመታት፣ እስከ ሃያ ዓመት እንኳ፣ በሕይወት ቆይቶ ይበቅላል። ስለዚህ ጢንዚዛ የሚለቀቅበት ሐይቅ ሳይነቀል የሚቀር ጥግ ሊኖረው ይገባል። በጣና ሌላም ችግር አለ። ከክረምት በኋላ ውሃው ሲሸሽ እምቦጩ በደምቢያና በፎገራ ዳርቻ ጭቃ ላይ ይቀራል። ትሉ የሚለወጠው ውሃ ውስጥ በተንጠለጠለ ሥር ላይ በመሆኑ ጭቃ ላይ ይቸገራል። ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ በመሆኑም ሌሊቱ ከወንጂ ይቀዘቅዛል፤ ጢንዚዛዎቹ ደግሞ ከ15 ዲግሪ በታች እንቁላል መጣላቸውን ይተዋሉ። እኔ ጢንዚዛው በጣና አይሠራም አልልም። የሱዳንን ፍጥነት ግን መጠበቅ የለብንም፤ ከርብ፣ ከጉማራና ከመገጭ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያ ካልቀነሰ ደግሞ ተክሉ የተበላበትን ሲተካ ይኖራል።

ጤፉን ይበላ ይሆን? ስጋቱን በንቀት ማለፍ ልክ አይደለም፤ ከውጭ የመጣ ነፍሳት ጉዳት ያደረሰበት ታሪክ በዓለም ላይ ሞልቷል። ለእነዚህ ለሁለቱ ግን መልሱ ጠንካራ ነው። ከሠላሳ በላይ አገሮች ውስጥ ተለቅቀዋል፤ ትላቸው ከእምቦጭና ከቅርብ ዘመዶቹ ውጭ አያድግም፤ ወደ እህል የዞሩበት አገር የለም። ልንጠይቅ የሚገባው ሌላ ነው፤ በአፍሪካ ውስጥ የእምቦጭ ዘመድ የሆኑ ጥቂት የውሃ ተክሎች ስላሉ በእነሱ ላይ መሞከሩ ተገቢ ነው።

ወለጋ በዚህ ውስጥ የት ናት? የፊንጫ ግድብ በ1973 እ.ኤ.አ. ሲያልቅ የጮመንን ሰፊ ረግረግ አጥለቀለቀው። ከግድቡ በታች ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስኳር ፋብሪካ፣ የመስኖ ቦይና ማዳበሪያ የሚደረግለት የሸንኮራ ማሳ አለ። በዴዴሳ ሸለቆም የአርጆ ዴዴሳ ስኳር ልማት አለ። ግድብ፣ ቦይ፣ ሸንኮራ፣ ማዳበሪያ፤ ወንጂን ለእምቦጭ ያመቻቸው ይኸው ስብስብ ነው። ከታች ደግሞ የሕዳሴው ግድብ ሐይቅ ተኝቷል፤ ሲሞላ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፤ የውሃው ከፍታ 640 ሜትር ላይ ነው። ቆላ በመሆኑ ተክሉም ጢንዚዛውም እዚያ ይፈጥናሉ። እንዲህ ባለ ውሃ ላይ እምቦጭ ከመጣ በኋላ ሦስት ወር የሚፈጅ ነፍሳት ማራባት መጀመር የዘገየ ሥራ ነው፤ የማራቢያ ኩሬው፣ ከበሽታ ነጻ የሆነው ዘርና የሠለጠነው ሰው ቀድመው ሊኖሩ ይገባል። ጢንዚዛዎቹ ራሳቸው በሽታ አላቸውና፤ ማይክሮስፖሪዲያ የተባለው ጥገኛ የያዛቸው እንቁላላቸው ይቀንሳል።

ሌላው የሚቆጨኝ የራሳችንን የውሃ ተክሎች በላተኞች አለማወቃችን ነው። በወለጋና በኢሉባቦር ጨፌ ቤት የሚከደንበት ሣር የሚታጨድበት፣ በዓል ሲመጣ ቄጠማ የሚቆረጥበት ቦታ ነው። በነቀምቴ ዙሪያ ከሚገኝ ጨፌ አንድ የቄጠማ ቅጠል ቆርጦ ወደ ብርሃን የያዘ ሰው ቀጫጭን ነጫጭ መስመሮች ያያል፤ በሁለት ጅማት መካከል ቀጥ ብለው የሚወርዱ፣ ቆዳው ብቻ የቀረባቸው። የጢንዚዛ ፍቅፋቂ ነው። አንዳንዱ ቅጠል ውስጡ ተቦርቡሮ ሁለቱ ቆዳዎች እንደ ኪስ ይለያያሉ፤ በብርሃን ሲታይ ትሉ ከነእዳሪው ይታያል። በምሥራቅ አፍሪካ የተደረጉ ቅኝቶች የበቆሎ አገዳ ቦርቧሪ ዘመዶች የሆኑ ትሎች በፊላና በደንገል ላይ እንደሚኖሩ አሳይተዋል። ይህ ለገበሬው ግድ የሚሰጠው ነው፤ ጨፌው ተጠንፍፎ በቆሎ ሲዘራበት እነዚህ ነፍሳት የት ይሄዳሉ? የሚበሏቸው ተርቦችስ ከጨፌው ጋር ይጠፋሉ? በኢሉባቦር ስለ ጨፌ መጠንፈፍ ከ1997 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ሰፊ ጥናት ተደርጓል፤ ያ ጥናት ያተኮረው በውሃውና በሰዉ ላይ ነበር።

ለዚህ ሥራ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በጨፌ ውስጥ አዲስ በወጡ ቅጠሎች ላይ ባለቀለም ክር አስሮ፣ ቀኑን መዝግቦ፣ በየሳምንቱ እየተመለሰ የቀሩትንና የጠፉትን መቁጠር ይችላል። ከቅጠሎቹም ግማሹን በስስ መረብ ከልሎ ነፍሳት እንዳይገቡ ቢያደርግ፣ በሁለቱ መካከል ያለው የቀን ልዩነት የነፍሳቱ ድርሻ ነው። ያንኑ የከተማ ፍሳሽ በሚገባበት ጅረትና ንጹሕ በሆነው ላይ ጎን ለጎን ቢያደርገው፣ ውሃው ቅጠል የሚተካበትን ፍጥነት በራሱ አገር ላይ ይለካል። ጊዜው መስከረም ቢሆን ይመረጣል፤ ጨፌው ሙሉ ነው፤ አጨዳው ገና አልጀመረም።